መሪጌታ ይኄይስና ጥቁሮቹ ማዳመጫዎች

መሪጌታ ይኄይስ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ አንዲት የድሮ ተማሪያቸው ናት። በማግሥቱ ዲማ ስደርስ አስከሬናቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነበር። ከቀድሞ መሥሪያ ቤታችን፣ ከትምህርት ቤቱ፣ የተላከ ሰው ወረቀት ይዞ የሕይወት ታሪካቸውን ያነብባል። «ታጋሽ፣ በተሰጣቸው የሚረኩ፣ አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያልተናገሩ አባት ነበሩ» አለ። ከፊቴ የቆሙት ሴቶች ያለቅሳሉ። እኔ ላለቅስ መጥቼ ነበር፤ ያንን ስሰማ ግን ዕንባዬ ደረቀና ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ።

ውሸት ነው። መሪጌታ ይኄይስ ታጋሽ አልነበሩም። በተሰጣቸው የሚረኩ ቢሆኑ ኖሮ ከዚያ ትምህርት ቤት ባልወጡ ነበር። ድምፃቸውንማ እኔ ራሴ ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። በሕይወት ሳሉ ዝም ሊያሰኟቸው ያልቻሉ ሰዎች ሬሳቸውን ዝምተኛ አደረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማውቀውን ካልተናገርሁ እንቅልፍ የለኝም፤ የራሴንም ጥፋት ጨምሬ።

ጊዜው ካሴት ገና ከሰው እጅ ያልወጣበት ነው፤ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የተለየች አንዲት ክፍል ነበረች። ቀድሞ የጠመኔና የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነበረች አሉ። እኔ እዚያ በኮንትራት የተቀጠርሁ አንባቢ ነበርሁ። የመማሪያ መጻሕፍቱን ድምፄን እያሰማሁ አነባለሁ፣ ካሴት ላይ እቀዳለሁ፣ ተማሪዎቹ ያንን እያዳመጡ ያጠናሉ። ዐሥራ አራት ተማሪዎች ነበሩን፤ ቴፕ ደግሞ ስድስት። በአንድ ቴፕ ላይ ማከፋፈያ ሰክተው ሁለትም ሦስትም ሆነው ያዳምጣሉ። ስድስቱ ቴፖች ድምፃቸው ከተለቀቀ ክፍሏ ገበያ ስለምትሆን እያንዳንዱ ተማሪ የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል። ፈተና ሲቃረብ ከጠዋት እስከ ማታ ከራሳቸው አያወልቁትም። ሌላው ተማሪ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ይሄዳል፤ የእኛዎቹ መጽሐፋቸውን የሚሸከሙት በጆሯቸው ነው።

መሪጌታ ይኄይስ የብሬል መምህር ነበሩ። በአራት ዓመታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወሰደው። አባታቸው እጃቸውን ይዞ ዲማ ወስዶ ከየኔታ እግር ሥር አስቀመጣቸው። ድጓውን በቃል ያዙት፤ ቅኔውንም ዘለቁት። ብሬል የተማሩት በኋላ ጎልምሰው ነው። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ቆባቸው ሁልጊዜ ወደ ግንባራቸው ያዘነብላል። ሲያዳምጡ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፉና በቀኝ እጃቸው የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ይይዛሉ። ያዳመጡት ነገር ትክክል ካልሆነ ጣቲቱን ይለቋታል። ሳነብ የምፈራው ይህን ነው። መጽሐፉን አያዩም፤ ነገር ግን አንዲት ፊደል ከተሳሳትሁ ጣቲቱ ትለቀቃለች፣ እኔም ካሴቱን መልሼ እቀዳለሁ።

ቁጡ ነበሩ። ከሁሉ የሚጠሉት «ምስኪን» የሚለውን ቃል ነው። አንድ ቀን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ስንሄድ እኔ ጥቂት ወደኋላ ቀርቼ ነበር። መሪጌታ አንድ ሰውዬ አስቁመው ወደ አማኑኤል ከተማ የሚሄደው መኪና በየት በኩል እንደሚቆም ጠየቁት። ሰውዬው መልስ ሳይሰጥ ሳንቲም እጃቸው ላይ አኖረ። እሳቸው የሰውዬውን ኮት ዳብሰው ኪሱን አገኙና ሳንቲሙን መልሰው ከተቱለት። «እኔ የጠየቅሁህ መንገድ ነው» አሉት፤ «የማታውቀው ከሆነ አላውቅም በል።» ሰውዬው አፍሮ ሄደ። እሳቸው ግን እስከ አማኑኤል ድረስ አልበረደላቸውም፤ መኪናው ውስጥ ሲያጉረመርሙ ተጓዙ።

ክፍሏ ስትከፈት ከአንድ በጎ አድራጊ የተገኙ ቀጫጭን ማዳመጫዎች ነበሩን። ከጊዜ ብዛት ስፖንጃቸው ተፈርፍሮ አለቀ፣ ሽቦውንም በክር እያሰርን እንጠቀም ነበር። በመጨረሻ መሪጌታ የግዢ ጥያቄ አጻፉኝ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍሁ፦ ቀላል ይሁን፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ለስላሳና አየር የሚያስገባ ይሁን፣ የሰውን ንግግር ጥርት አድርጎ ያሰማ። ውድ መሆን የለበትም። «የለበትም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሪበት አሉኝ።

የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደመላሽ ይባላል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ሰላምታው ረጅም ነው፣ ክራቫቱም ቀጥ ያለ ነው። አንድ ቀን ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆኖ ሁለት ካርቶን አስይዞ መጣ። የከፈተው ካርቶን ውስጥ ያሉት ትልልቅ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ ማዳመጫዎች ናቸው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድኑ፣ ዙሪያቸው በቆዳ መሳይ ላስቲክ የተለበጠ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ሳያቸው አማሩኝ።

መሪጌታ አንዱን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት። ከዚያ ካሴት እንድሰካላቸው ጠየቁኝና ራሳቸው ላይ አደረጉት። አቶ ደመላሽ አንድ ደቂቃ ቆሞ ምስጋናውን ጠበቀ። መሪጌታ ግን አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ቁጭ አሉ። የካሴቱ አንደኛው ገጽ አልቆ ሁለተኛውን አስገለበጡኝ። እነ አቶ ደመላሽ ወጥተው ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። መሪጌታ ገና እያዳመጡ ነው፤ ትንሿን ጣት ከለቀቋት ግን ቆይተዋል። ካሴቱ ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቁ። ጆሯቸው ቀልቶ በላብ ረጥቦ ነበር።

«አቶ ደመላሽ፣ ሲገዙት ጆሮዎ ላይ አድርገውት ነበር?» አሉት።

«እኔማ አይቼ ነው የመረጥሁት። ከሱቁ ሁሉ ትልቁና የሚያምረው ይህ ነው።»

«እኔም የምለው እሱን ነው። በዓይን ተመርጧል። የሚያደርጉት ግን ዓይን የሌላቸው ናቸው።»

ከዚያ አንድ በአንድ ተናገሩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮ ግንዳቸውን እንደ መቆንጠጫ ይዞ ጨመቃቸው። ክብደቱ ማጅራት ላይ ያርፋል፤ ቀኑን ሙሉ አንገት ይሰብራል። ላስቲኩ አየር ስለማያስገባ ጆሮ ይሞቃል፣ ይረጥባል። ድምፁ ደግሞ ጉም ጉም ይላል፤ ለከበሮ ጥሩ ነው፣ የሰው ቃል ግን ከበሮው ውስጥ ይሰጥማል። እኔን ጠርተው «መፈተኛውን አምጪ» አሉኝ።

መፈተኛ የሚሉት ራሳቸው ቃላቱን መርጠው እኔ ያነበብሁት አንድ ካሴት ነው። ቃላቱ ሲጻፉ አንድ ዓይነት ሆነው በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለዩ ናቸው። «ዋና» ላልቶ ከተነበበ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ከጠበቀ ትልቁ፣ መሠረታዊው ማለት ነው። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው ሌላውን ይመታል፤ ሲጠብቅ ግን ሌላው ሰውዬውን ይመታዋል። የሚያይ ሰው መጽሐፉን ደጋግሞ አንብቦ ከዐውዱ ይረዳል። እነዚህ ልጆች ያላቸው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፄን ማዳመጫው ካደበዘዘው መቺውንና ተመቺውን አይለዩም። መሪጌታ ካሴቱን በጥቁሩ ማዳመጫ ለአቶ ደመላሽ አሰሙት። ከዐሥሩ ቃላት ስንቱን እንደለየ ጠየቁት። አቶ ደመላሽ ሳቀና፦

«መሪጌታ፣ ይህን ያህል እኮ አያስፈልግም። ለእነሱ ምን ያንሳቸዋል?»

መሪጌታ ተነሡ። ድምፃቸው ሲወጣ በመስኮቱ አጠገብ የሚያልፉ ተማሪዎች ቆመው እንደነበር አስታውሳለሁ። «እነሱ የሚሏቸው እኔን ነው» አሉ። «ለእኔ የሚያንሰኝን እርስዎ ከየት ያውቁታል?» ርእሰ መምህሩ በመካከል ገብተው ነገሩ ወደፊት ይታያል አሉ። መሪጌታ ዕቃውን እንደማይረከቡ አስታወቁና በትራቸውን ይዘው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ደመላሽ እኔን ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የርክክብ ወረቀት ነበር። «ዕቃው ለጆሮ ምቹ፣ ድምፁም ጥራት ያለው መሆኑን አረጋግጠን ተረክበናል» ይላል። ከሥሩ የመሪጌታ ስም ተጽፎ ለፊርማ ባዶ ቦታ ተትቷል። አቶ ደመላሽ በለሰለሰ አንደበት፣ መሪጌታ ወረቀቱን ማየት ስለማይችሉ እኔ በክፍሉ ስም ብፈርም በቂ እንደሆነ ነገረኝ። ቀጥሎም የኮንትራቴ እድሳት በዚያው ወር እንደሚቀርብ አነሣ። አላስፈራራኝም፤ አላስገደደኝም። ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ ብቻ አስቀመጠልኝ።

ፈረምሁ። እናቴ ታማለች፣ ሥራ የለም፣ የሚሉ ምክንያቶች ነበሩኝ። ምክንያት ያልነበረው ሰው ፈርሞ አያውቅም።

ጥቁሮቹ ማዳመጫዎች ገቡ፣ አሮጌዎቹ ተሰብስበው ተወሰዱ። ጎብኚ ሲመጣ ልጆቹን አሰልፈው ጥቁሮቹን ጆሯቸው ላይ አድርገው ፎቶ ያነሷቸዋል። በአዘቦቱ ቀን ግን ልጆቹ በአንድ እጃቸው ማዳመጫውን ከጆሯቸው ገፋ አድርገው ይይዙታል፤ ገፋ ሲያደርጉት ድምፁ ስለሚሸሽ የቴፑን ድምፅ ይጨምራሉ። ካሴት ሲያልቅ ሁሉም እኩል አውልቀው ጆሯቸውን ያሻሉ። መሪጌታ በክፍሏ በር ቆመው ያንን ይሰሙ ነበር፤ ዐሥራ አራት ልጆች ማዳመጫ ሲያወልቁ የሚተነፍሱትን ትንፋሽ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን አስከትለው ወደ ገበያ መውጣት የጀመሩት ያኔ ነው። ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ኩታቸው ውስጥ ይዘው፣ መፈተኛውን ካሴት ሰክተው፣ የሬዲዮና የባትሪ ድንጋይ ከሚሸጡት ሱቆች ደጅ ይቀመጣሉ። ያለውን ማዳመጫ ሁሉ አንድ በአንድ ያስወጡታል። መጀመሪያ ነጋዴዎቹ ሳቁባቸው፤ መሪጌታ ዘፈን ሊሰሙ ነው አሉ። እሳቸው ግን እያንዳንዱን አንድ አንድ ሰዓት ያደርጉትና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ይህኛው ብረቱ ፀጉር ይነጫል። ያኛው በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚናገረው። ሌላው ደግሞ «ሰ» ባለ ቁጥር ያፏጫል። እየቆየ ደንበኞች ሱቁን ትተው እሳቸውን መጠየቅ ጀመሩ። መሪጌታ ጣታቸውን የለቀቁበት ማዳመጫ አይሸጥም፤ ነጋዴው ተሸክሞት ይቀራል።

በሁለተኛው ወር ሞላ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ አንድ ነገር አገኙ። ከራስ በላይ የሚያልፈው ቀጭን ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ በሁለቱ ጫፍ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ስፖንጆች አሉት። ሞላ ራሱ ዋጋ አልሰጠውም፤ ጥግ ላይ ጥሎት ነበር። መሪጌታ አድርገውት አዳመጡ፣ መልካም ነው አሉ፣ ሞላን አመስግነው በትራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ሞላ እየሮጠ ከኋላቸው ደርሶ ማዳመጫውን ከራሳቸው ላይ አወረደው። ረስተውት ነበር። መሪጌታ ቆመው ሳቁ። በዚያ ዓመት ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «በቃ፣ ይህ ነው» አሉ፤ «ራሴ ላይ መሆኑን ካልነገረኝ ጥሩ ነው።»

ጉድለቱንም አልሸሸጉም። ድምፁ ወደ ውጭ ያመልጣል፣ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ይሰማዋል። ስፖንጁ ሳስቶ ይቀደዳል፤ ሽቦው ከመሰኪያው ሥር ቶሎ ይበጠሳል። ነገር ግን ስፖንጅ ይቀየራል፣ ሽቦም ይቀጠላል፤ አንገትና ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም አሉ። የሰውን ቃል ጥርት አድርጎ ይሰጣል፤ መፈተኛው ላይ ካሉት ቃላት አንዱም አልጠፋባቸውም። ዋጋው ከጥቁሩ እጅግ ያንሳል።

ይህን ይዘው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዱ፤ እኔ መራኋቸው። ርእሰ መምህሩ በትሕትና አዳመጧቸውና፣ ነገሩ እንዳለቀ፣ ጥቁሮቹን ምቹ ናቸው ብሎ ክፍሉ ራሱ ፈርሞ እንደተረከበ ነገሯቸው። መሪጌታ ማን ፈረመ ብለው ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን አውጥተው ስሜን አነበቡ።

ወጥተን ግቢውን ግማሽ አለፍን። ከዚያ እጃቸውን ከክንዴ አወጡ።

«ስምሽ ማን ነበር?» አሉኝ። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል።

«ብዙአየሁ።»

«ብዙ አየሁ ትያለሽ። የእኔን ጆሮ ሲቀላ አላየሽም?»

በትራቸውን እየቀጠቀጡ ብቻቸውን ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ለሥራ ካልሆነ አላናገሩኝም፤ ሳነብ እንኳ ትንሿን ጣት መያዝ ተዉ።

አሁን ስለ ጥሩወርቅ ልናገር። ጥሩወርቅ ከቁይ የመጣች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ከዐሥራ አራቱ ሁሉ የላቀች። የተነበበላትን አንድ ጊዜ ሰምታ ትደግመዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ግራ ጆሮዋ አልፎ አልፎ ይመግል ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። የጥቁሩ ማዳመጫ ላስቲክ ያንን ጆሮ ቀኑን ሙሉ ከድኖ ያረጥበዋል። ሕመሙ ሲብስባት ድምፁን ትጨምራለች፤ ጨምራም ካልሰማች በቀኝ ጆሮዋ ትሰማለች። ፈተና ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ማዳመጫዋን አወልቃ ለሌላ ልጅ ስታቀብል፣ ልጁ እጁን ላስቲኩ ላይ አሳርፎ ደነገጠና ምንድን ነው የሚያጣብቀው አለ። ቀርቤ አየሁት። መግልና ደም ነበር።

ሐኪም ቤት የወሰድናት መሪጌታና እኔ ነን። የመረመራት ባለሙያ የጆሮዋ ታምቡር እንደተበሳ ነገረን። ሕመሙ የቆየ ነው፣ ነገር ግን ተከድኖ መርጠቡ አባብሶታል፣ ሳትታከምም ዘግይታለች አለ። መግሉ ይድናል፤ መስማቷ ግን የሚመለስ አይመስልም። መሪጌታ ለምን አልተናገርሽም ብለው ጠየቋት። ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች።

«አቶ ደመላሽ መጥተው ነበር» አለች። «በዕቃው የሚያማርር ካለ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ ብለውናል። እኔ ደግሞ ወደ ቤት መሄድ አልፈልግም።»

መሪጌታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ያን ያህል ጊዜ ሳውቃቸው ራሳቸውን ገልጠው አይቼ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ለመገኘት ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ኮሚቴው፣ ርእሰ መምህሩ፣ ጥቂት መምህራንም ነበሩ። መሪጌታ ንግግር አላደረጉም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሚቴው እንደ ልጆቹ ጥቁሮቹን ማዳመጫዎች አድርጎ የትምህርት ካሴት ያዳምጥ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ተስማሙ። ቴፖቹን ደርድረን የታሪክ ትምህርት ካሴት ለቀቅሁላቸው። መጀመሪያ የተቁነጠነጠው አቶ ደመላሽ ነበር። እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ፣ ገፋ አደረገው፣ ጥቂት ቆይቶ አወለቀው። ሌሎቹም ተከተሉት። ደወሉ እስኪደወል ያቆየ ሰው አልነበረም። መሪጌታ የማውለቃቸውን ድምፅ እየቆጠሩ ነበር። የመጨረሻው ሲወልቅ «ለምን አወለቃችሁት?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ደመላሽ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ «እኛ አልለመድነውም መሪጌታ። እነሱ ግን ለምደውታል» አለ።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ። በዚያ ለስላሳ ድምፅ የተነገረውን የሚያህል ግን አልሰማሁም። መሪጌታ ወደ ድምፁ ዞሩ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሚናገረው ያለፈም ነበረበት። እኔ ወጥቼ ነበር፣ አጥሩ ድረስ ይሰማል። በመጨረሻ ማዳመጫዎቹን በጆንያ ሰብስበው የርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። «የአንዲት ልጅ ጆሮ እዚህ ውስጥ አለ፤ ፈልጋችሁ አውጡላት» ብለዋቸው ነው የወጡት።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። ለዓይነ ስውር የብሬል መምህር በታይፕ የተጻፈ ደብዳቤ፤ የማነበው እኔ ነበርሁ። «ይህን ድርጊት ቢደግሙ መሪጌታ ይኄይስ ይቀጣሉ» ይላል። መሪጌታ ካሴት ላይ እንድቀዳው አዘዙኝ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው ከጆንያው አንዱን ጥቁር ማዳመጫ አወጡ፣ አድርገውት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አዳመጡት።

«አልገባኝም» አሉ። «ይቀጣሉ የሚለው ይጠብቃል ወይስ ይላላል? በዚህ ባቀረባችሁልን ዕቃ አይለይም። ከላላ ቀጪው እኔ ነኝ።»

ፈርመው ደብዳቤውን እንዲቀበሉ ተጠየቁ። እንቢ አሉ። «የእኔን ፊርማ ሌላ ሰው ይፈርምልኛል፣ ልማዳችሁ ነው» አሉ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድሁ።

ያ የትምህርት ዘመን ሳያልቅ አሰናበቷቸው። ክፍሉን በጥብጠዋል፣ የበላይ አያከብሩም፣ ዕቃ አበላሽተዋል ተባለ። ለሞላ ስንብታቸውን ሊነግሩት ገበያ ሲወርዱ ሞላ ዐሥራ አራት ቀላል ማዳመጫዎች በከረጢት አድርጎ ሰጣቸው። በእርስዎ ምክንያት ገበያዬ ደርቷል፣ ይህ የእርስዎ ድርሻ ነው አላቸው። መሪጌታ ከረጢቱን ለጥሩወርቅ አስረክበው ወደ ዲማ ተመለሱ። ጥቁሮቹ መጋዘን ገቡ፤ ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ይወጣሉ። አቶ ደመላሽ ምን ሆነ ብትሉኝ ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ዓመት እድገት አግኝቶ ተዛወረ። የእኔም ኮንትራት ታደሰ።

ጥሩወርቅ በቀላሉ ማዳመጫ በቀኝ ጆሮዋ ብቻ እያዳመጠች ዐሥረኛን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ከዚያ ቀኙም ያሳስባት ጀመር፤ ቤተሰቦቿ ፈርተው ወደ ቁይ ወሰዷት።

ሦስት ዓመት ቆይቼ ነው ዲማ የሄድሁት። መሪጌታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለሁለት ዲያቆናት ዜማ ይነግሩ ነበር። ሰላምታዬን ሰምተው ወዲያው ለዩኝ። ዲያቆናቱን አሰናበቷቸውና የምቀመጥበትን ድንጋይ በበትራቸው አሳዩኝ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ እንዳረፈች ነገርኋቸው፣ ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ ሦስት ዓመት ያዘጋጀሁትን ነገር ተናገርሁ። ስለዚያ ፊርማ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። እግራቸው ላይ ለመውደቅ ስነሣ በትራቸውን አጋድመው ከለከሉኝ።

«ምን ብሎ ነበር ወረቀቱ? በቃልሽ ታውቂዋለሽ?»

አውቀዋለሁ። «ዕቃው ለጆሮ ምቹ፣ ድምፁም ጥራት ያለው መሆኑን አረጋግጠን ተረክበናል» ብዬ ተናገርሁ። አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ሰሙኝ።

«እኔን የጎዳኝ ነገር የለም» አሉ። «እኔ አገሬ ገባሁ፣ ዜማዬን አስተምራለሁ። ይቅርታውን ከእኔ አትጠይቂ። ጆሮው የእኔ አይደለም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥለው የመንገዱን ነገር ነገሩኝ፤ የቁይ ገበያ ቀን መኪና አይጠፋም፣ በጠዋት ተነሺ አሉኝ። ዲያቆናቱን ጠርተው ያቋረጡትን ዜማ ካቆመበት ጀመሩት።

በገበያው ቀን ቁይ ደረስሁ። ቤታቸውን ሰው አሳየኝ። ጥሩወርቅ ከቤቱ ደጅ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። አድጋለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። በአጥሩ በር ገብቼ አጠገቧ ደረስሁና ስሟን ጠራሁ። አልዞረችም፤ ጣቶቿ ባቄላውን እየፈለፈሉ ቀጠሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ጠራሁ።

የቆምሁት በግራዋ ነበር።

ዞሬ በቀኝዋ በኩል ተንበረከክሁና እንደገና ጠራኋት።